ለመጪው ዊምብልደን የአየር ሰዓት እንጠይቃለን፦ ለስፖርት ክፍል ኃላፊዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ግንቦት 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

በአማርኛ ለሚያሰራጩ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያዎች የስፖርት ክፍል ኃላፊዎችና የስፖርት ፕሮግራም አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ ከሰኔ 22 እስከ ሐምሌ 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በለንደን የሚካሄደውን የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር ዘገባ ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያነሣሡን በቅርቡ የሰማናቸው ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። የመጀመሪያው፣ በሳምንት አንድ ቀን ለ15 ደቂቃ ያህል ስለ ቴኒስ ያወራ የነበረ አንድ የሬዲዮ ክፍለ ጊዜ «ለዓለም ዋንጫ ቦታ ለመልቀቅ» በሚል ምክንያት ከመርሐ ግብር መውጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የክረምቱን የስፖርት ዝግጅቶቹን ሲያስተዋውቅ ከእግር ኳስና ከአትሌቲክስ በቀር የሌላ ስፖርት ስም እንኳ ሳያነሣ ማለፉ ነው። የጣቢያዎቹን ስም የማንጠቅሰው ነገሩ የእነርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ችግር ይብዛም ይነስም በሁላችሁም ዘንድ አለ።

እኛ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ቴኒስ የምንጫወት፣ ታዳጊዎችን የምናሠለጥንና ታላላቅ ውድድሮችን የምንከታተል ሰዎች ነን። ከመካከላችን ልጅ ሳለ የሌሎችን ኳስ እየለቀመ ራኬት መያዝ የተማረ፣ ዛሬ ደግሞ በተራው የሚያስተምር ብዙ ነው። ቁጥራችን ከእግር ኳስ ተመልካቹ ቁጥር ጋር የሚነጻጸር እንዳልሆነ እናውቃለን። የምንጠይቀውም የዚያኑ ያህል ትንሽ ነው።

በመጀመሪያ የሰዓቱን ጉዳይ እናንሣ፤ ምክንያቱም «የዓለም ዋንጫ ስላለ ቦታ የለንም» የሚለው መልስ የሁለቱ ውድድሮች ሰሌዳ ጎን ለጎን ሲታይ አይጸናም። የዘንድሮው የዓለም ዋንጫ የሚካሄደው በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ነው። በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ቀትር ላይ የሚጀመረው ጨዋታ እንኳ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ የቀሩት ደግሞ እኩለ ሌሊትን ተሻግረው እስከ ንጋት ይዘልቃሉ። የዊምብልደን የዳር ሜዳዎች ጨዋታ በአንጻሩ በእኛ አቆጣጠር የሚጀመረው ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን፣ በዋናው ሜዳ በሴንተር ኮርት የዕለቱ የመጀመሪያ ግጥሚያ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። ስለዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ከዓለም ዋንጫ ጨዋታ ነፃ ነው። በዚያ ሰዓት ጣቢያዎቻችን ምን እንደሚያስተላልፉ እናውቃለን፤ ሌሊት የታየውን ግብ ደጋግሞ ማሳየትና ስለማይፈጸም የተጫዋች ዝውውር መላ መምታት ነው።

ሰሌዳውን ትንሽ ወረድ ብላችሁ ብታዩት ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ዊምብልደን በሚጀመርበት ሰኞ፣ ሰኔ 22፣ የዓለም ዋንጫው የምድብ ጨዋታዎች አልቀው ጥሎ ማለፉ ተጀምሯል፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በአንድ ቀን ከሦስት በላይ ጨዋታ አይኖርም። ሐምሌ 1 በዓለም ዋንጫው ምንም ጨዋታ የሌለበት ቀን ሲሆን በዊምብልደን ግን ሩብ ፍጻሜ አለ። የወንዶች የነጠላ ፍጻሜ የሚደረግበት እሑድ፣ ሐምሌ 5፣ የዓለም ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ በዋዜማው ሌሊት ተጠናቆ ግማሽ ፍጻሜው ገና የሚጠበቅበት የዕረፍት ቀን ነው። አዘጋጆቹ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የነጠላ ፍጻሜዎችን ወደ ምሽት ስላዛወሯቸው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ላይ ይጀመራሉ። ዕለቱ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው፤ ጾመ ሐዋርያት የሚፈታበት፣ ከዚያም ላይ እሑድ። ቤተሰብ ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚሰበሰብበት ምሽት የትኛው እንደሆነ የመርሐ ግብር ባለሙያ ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

የዓለም ዋንጫ ሰበብ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ2018 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት የቀደሙ ውድድሮች ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደቡብ አፍሪካዊው ኬቪን አንደርሰን በዊምብልደን ሩብ ፍጻሜ በሮጀር ፌደረር ሁለት ሰት (ሰት ቢያንስ ስድስት ጌም በማግኘት የሚወሰድ የግጥሚያ ክፍል ነው፤ ጌም ደግሞ በነጥብ የሚለይ የሰት ክፍል) ከተመራ በኋላ ተመልሶ አሸነፈ። በግማሽ ፍጻሜው ከአሜሪካዊው ጆን ኢስነር ጋር 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ተጫውቶ የመጨረሻውን ሰት 26 ለ 24 ወሰደ። እሑድ ዕለትም ከኖቫክ ጆኮቪች ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። ያ እሑድ ፈረንሳይና ክሮኤሺያ በሞስኮ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተገናኙበት ቀን ነበር፤ የዊምብልደን አዘጋጆችም ሰዓታችንን አንቀይርም ብለው ፍጻሜያቸውን በተለመደው ሰዓት አስጀመሩት። በዚያ ቀን ስለ አንደርሰን ያልተናገረውን ጣቢያ አንወቅስም። ነገር ግን የአንደርሰንና የኢስነር ጨዋታ የተደረገው ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ አልነበረም። በአንድ አፍሪካዊ አሸናፊነት ያበቃ፣ በዊምብልደን የመጨረሻው ሰት አቆጣጠር እንዲለወጥ ምክንያት ከሆኑት ጨዋታዎች አንዱ የሆነ ግጥሚያ፣ ምንም ጨዋታ በሌለበት ቀን በዝምታ ታልፏል። በቀጣዩ ዓመት ዊምብልደን በመጨረሻው ሰት 12 እኩል ሲደረስ በታይ ብሬክ፣ ማለትም ሰቱን በሚቋጭ አጭር የነጥብ ፉክክር፣ እንዲለይ ወሰነ፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ አራቱም ግራንድ ስላሞች (ታላላቆቹ የአውስትራሊያ፣ የፈረንሳይ፣ የዊምብልደንና የአሜሪካ ውድድሮች) በ6 እኩል ላይ እስከ 10 ነጥብ የሚደረግ ታይ ብሬክ ይጠቀማሉ። አድማጩ ይህ ለውጥ ከየት እንደመጣ የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ዘገባ በሚቀርብባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች ስለሚታየው ግድየለሽነት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጣቢያ «ውድድሩ ነገ 11 ሰዓት ላይ ይጀመራል» ብሎ አስታወቀ። የተባለው 11 ሰዓት የለንደን ረፋድ ነው፤ በእኛ ቀን 7 ሰዓት። ያንን አምኖ ከሥራ ሲወጣ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው አራት ሰዓት ሙሉ አምልጦታል። የአውሮፓ እግር ኳስ ሰዓት ሲነገር እንዲህ ያለ ስሕተት ቢፈጠር በዚያው ሰዓት ይታረም ነበር፤ ይህ ግን እስከ ውድድሩ ማብቂያ አልታረመም።

የውጤት አነጋገሩም እንዲሁ ነው። ቴኒስ በአንድ ቁጥር የሚጠቃለል ውጤት የለውም። በ2025 በሴቶች ፍጻሜ ፖላንዳዊቷ ኢጋ ሽፊዮንቴክ አሜሪካዊቷን አማንዳ አኒሲሞቫን 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 አሸነፈቻት፤ ጨዋታው የፈጀው 57 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ በዊምብልደን የሴቶች ፍጻሜ ተሸናፊዋ አንድም ጌም ሳታገኝ የወጣችበት ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት 1911 ነው። ከጣቢያዎቻችን የሰማነው ግን «6 ለ 0 አሸነፈች» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ሁለተኛው ሰት የት እንደገባ አልታወቀም። ከዚያ በፊት በፓሪስ ሮላን ጋሮስ ካርሎስ አልካራዝ ያኒክ ሲነርን «3 ለ 2 ረታ» ተባለ። ጨዋታው 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ በመፍጀቱ በዚያ ውድድር ታሪክ ረጅሙ ፍጻሜ መሆኑ፣ አልካራዝ በአራተኛው ሰት ለሲነር የዋንጫ ነጥብ የነበሩ ሦስት ኳሶችን አምክኖ መመለሱ አልተነገረም። ልክ በአምስት ሳምንቱ ሁለቱ በዊምብልደን ፍጻሜ ዳግመኛ ተገናኙ፤ ሲነርም የመጀመሪያውን ሰት ተሸንፎ የቀሩትን ሦስቱን እኩል 6 ለ 4 ወስዶ በዊምብልደን የነጠላ ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ሆነ። የፓሪሱን ያልሰማ አድማጭ የለንደኑ ለምን እንደዚያ እንዳከበደው እንዴት ያውቃል? እግር ኳስ ላይ ስለ በቀል ጨዋታ ለአንድ ሳምንት የሚያወሩ ሰዎች ይህን ታሪክ በእጃቸው ይዘው አልተጠቀሙበትም።

ስለ ዳኝነቱም አንድ ነገር እንበል። ዊምብልደን በ2025 ለ147 ዓመት የቆየውን የመስመር ዳኞች አሠራር አስቀርቶ ኳስ ከመስመር ውጭ መውጣቷን ለሚለይ የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት አስረከበ። በዚያው ውድድር በአራተኛው ዙር ሩሲያዊቷ አናስታሲያ ፓቭሊቼንኮቫ ከእንግሊዛዊቷ ሶናይ ካርታል ጋር ስትጫወት ሥርዓቱ በሜዳው አንድ ወገን በሰው ስሕተት ጠፍቶ ኖሮ በግልጽ የወጣች ኳስ ሳትጠራ ቀረች፤ ነጥቡም እንዲደገም ተደረገ። አዘጋጆቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ ፓቭሊቼንኮቫም ያንን ጌም ብታጣም ጨዋታውን አሸንፋ ወጣች። በየቀኑ ስለ ቫር የሚከራከር፣ ማሽን ይሻላል ወይስ ሰው እያለ አድማጭ በስልክ የሚያስገባ የስፖርት ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ሊያገኝ ይችላል? ይህን በአማርኛ ሲያነሣ የሰማነው ጣቢያ የለም።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነን ነው፤ ረዘም አድርገን ብንጽፈውም ይቅርታ አንጠይቅም። ኤልያስ ይመርና ሚካኤል ይመር በስዊድን ተወልደው ለስዊድን የሚጫወቱ፣ ከኢትዮጵያ ከሄዱ እናትና አባት የተገኙ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው የረጅም ርቀት ሯጭ ነበሩ። ኤልያስ በ2015 በአንድ ዓመት ውስጥ የአራቱንም ግራንድ ስላሞች ማጣሪያ አልፎ ወደ ዋናው ውድድር የገባ ተጫዋች ነው። ማጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ፦ ዋናው ሰንጠረዥ በነጠላ 128 ተጫዋቾችን ይይዛል፤ ደረጃው በቀጥታ የማያስገባው ተጫዋች ከዋናው ውድድር በፊት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት፤ አንዱን ከተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። ያንን በአራት አገር፣ በሦስት ዓይነት ሜዳ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 ሁለቱ ወንድማማቾች ተጣምረው በስቶክሆልም የጥንድ ዋንጫ አነሡ።

ሚካኤል ደግሞ በ2023 በዓለም 50ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት በዊምብልደን ሁለተኛ ዙር 9ኛ ደረጃ ተሰጥቶት ከነበረው ከአሜሪካዊው ቴይለር ፍሪትዝ ጋር ተገናኝቶ ሁለቱን ሰቶች 6 ለ 3ና 6 ለ 2 ተሸነፈ፤ ከዚያ ተመልሶ ሦስቱን 6 ለ 3፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 2 አሸነፈ። የሣር ሜዳ ለተመራ ሰው አይራራም፤ ኳሷ ዝቅ ብላ ስለምትሾልክ ኃይለኛ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምር ምት) ያለው ተጫዋች አንዴ ከቀደመ ማስቆሙ ከባድ ነው። ፍሪትዝም በሰርቩ የታወቀ ነው። በዚያ ሳምንት በአማርኛ የስፖርት ዜና ስለዚህ ጨዋታ የሰማ ከመካከላችን የለም።

ውድድሩ ካበቃ ከቀናት በኋላ ግን ስሙ ተነሣ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሚካኤልን ለ18 ወር አገደው፤ ምክንያቱም ለምርመራ የሚገኝበትን ቦታ የማሳወቅ ግዴታውን በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አጓድሏል የሚል ነበር። አንድ ጣቢያ ይህን «አበረታች ንጥረ ነገር በመጠቀሙ ታገደ» ብሎ አስተላለፈው፤ ስሙንም «ዋይመር» ሲል አነበበው። ሁለቱ ጥፋቶች ምን ያህል እንደሚለያዩ የአትሌቲክስ አገር ለሆነችው ለኢትዮጵያ ጋዜጠኞች ማስረዳት አይገባንም ነበር፤ በቦታ ማሳወቅ ምክንያት የታገዱ ሯጮችን ጉዳይ በጥንቃቄ ለይታችሁ ስትዘግቡ ቆይታችኋልና። አንድ ልጅ ሲያሸንፍ ዝም ተብሎ ሲታገድ ብቻ፣ ያውም በተሳሳተ ምክንያት፣ ስሙ በአየር ላይ ሲወጣ ለእኛ ሠልጣኞች የሚደርሳቸው ትምህርት ምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ያ ዘገባ እስከ ዛሬ አልታረመም።

አራተኛው፣ የአፍሪካ ሴቶች ጉዳይ ነው። ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃቤር በ2022 የዊምብልደን ፍጻሜ ስትደርስ ከ1968 ወዲህ ባለው የቴኒስ ዘመን በግራንድ ስላም የነጠላ ፍጻሜ የቆመች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊትና የመጀመሪያዋ ዐረብ ሴት ሆነች። በኤሌና ሪባኪና የተሸነፈችው የመጀመሪያውን ሰት 6 ለ 3 ወስዳ ከቆየች በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ክፍት ውድድር ፍጻሜ፣ በ2023 ደግሞ ዳግም በዊምብልደን ፍጻሜ ተጫወተች፤ ሦስቱንም ተሸነፈች። በዓለም 2ኛ ደረጃ ላይ ደርሳለች። በአማርኛ ስለ እርሷ የምናስታውሰው አንድ ቃለ ምልልስ ወይም አንድ ሰፊ ዘገባ የለም። በዚያው በ2022 ጎረቤታችን ኬንያ የ18 ዓመት ልጅ የሆነችው አንጄላ ኦኩቶዪ ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ተጣምራ በዊምብልደን የልጃገረዶች ጥንድ ዋንጫን አነሣች፤ ከዚያ በፊት በግራንድ ስላም የታዳጊዎች ዋንጫ ያነሣ ኬንያዊ አልነበረም። በፍጻሜው ካሸነፏቸው ሁለት ካናዳውያን አንዷ ቪክቶሪያ ምቦኮ ናት፤ ከኮንጎ የሄዱ ቤተሰቦች ልጅ ስትሆን በ2025 በሞንትሪያል የካናዳን ዋንጫ ወስዳለች። ከናይሮቢ ወጥቶ ያንን መድረስ እንደሚቻል የምታውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ስንት ናት? ከምናሠለጥናቸው ሴት ልጆች መካከል የኦኩቶዪን ስም የሰሙት ከእኛ ነው።

አምስተኛውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ዛሬ በከተማችን የቴኒስ ተጫዋች ስም በብዛት የሚገኘው በቤቲንግ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ጨዋታው ምን እንደሆነ ያልገባው ወጣት በማያውቀው አገር በሚደረግ፣ በማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ግጥሚያ ላይ ገንዘቡን ያስይዛል። በዝቅተኛ ውድድሮች ገንዘብ ተቀብለው ውጤት በማስተካከል የታገዱ ተጫዋቾች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ለዚህም ተብሎ የተቋቋመ ዓለም አቀፍ የቴኒስ የሥነ ምግባር ተቋም አለ። ጋዜጠኛው ዝም ባለበት ስፖርት አስተማሪው አቋማሪው ይሆናል።

የማስተላለፊያ መብት ውድ ነው የሚለውን መልስ ከዚህ በፊት ሰምተናል፤ እውነት መሆኑንም አንክድም። የጠየቅነው ግን የቀጥታ ሥርጭት አይደለም። ውጤት ማንበብ መብት አይጠይቅም። ሬዲዮ ሥዕል አያስፈልገውም። አዘጋጆቹ ራሳቸው በየዕለቱ የጨዋታ ቅንጭቦችን በይፋዊ የዩቲዩብ ገጻቸው ይለቃሉ፤ ቢያንስ ወደዚያ መጠቆም ይቻላል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በአማርኛ መተረክ የጀመረው ሁሉም ሰው «አድማጩ እንግሊዝኛውን ለምዶታል» ሲል ከቆየ በኋላ መሆኑንም አትርሱ። «የቴኒስ አድማጭ የለም» ለሚለው ደግሞ ያልቀረበለትን ነገር አልፈለገም ብሎ በአድማጭ ላይ መፍረድ አግባብ አይመስለንም።

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

1. ውድድሩ በሚቆይባቸው 14 ቀናት፣ ከሰኔ 22 እስከ ሐምሌ 5፣ እያንዳንዱ የሬዲዮ ጣቢያ በቀን 5 ደቂቃ፣ እያንዳንዱ የቴሌቪዥን ጣቢያ በቀን 10 ደቂቃ ለዊምብልደን እንዲመድብ። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ያለው ማንኛውም ጊዜ ይስማማናል።

2. ውጤት በሰት ተዘርዝሮ፣ የጨዋታ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተቀይሮ እንዲነገር፤ ስሕተት ሲፈጠርም በማግሥቱ በዚያው ፕሮግራም እንዲታረም።

3. በቅዳሜ ሐምሌ 4 የሴቶች ፍጻሜና በእሑድ ሐምሌ 5 የወንዶች ፍጻሜ ምሽት ከጨዋታው በኋላ ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ትንታኔ እንዲኖር። ዊምብልደን ከ2007 ጀምሮ ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ሽልማት ስለሚከፍል ለሁለቱ ፍጻሜዎች የሚሰጠውም ጊዜ እኩል ይሁን።

4. በማጣሪያውም ሆነ በዋናው ውድድር የሚሳተፉ አፍሪካውያን፣ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለዱና የታዳጊዎች ውድድር ውስጥ የሚገቡ ተጫዋቾች ገና ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እንዲዘገቡ።

5. ሚካኤል ይመርን በሚመለከት የተሳሳተውን ዘገባ ያስተላለፈው ጣቢያ በራሱ አየር ላይ እርማት እንዲያደርግ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ጣቢያው ያውቀዋል።

6. ከመርሐ ግብር የወጣው የ15 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ካለፈበት ከሐምሌ 12 በኋላ፣ በነሐሴ ማብቂያ ለሚጀመረው የአሜሪካ ክፍት ውድድር በሚደርስ ጊዜ እንዲመለስ፤ የሚመለስበት ቀንም ከወዲሁ በጽሑፍ እንዲገለጽልን።

በእኛ በኩል የተጫዋቾችን ስም አነባበብ፣ የጨዋታውን ሕግና የየዕለቱን መርሐ ግብር በአማርኛ አዘጋጅተን ለሚፈልግ ጣቢያ ያለ ክፍያ ለመስጠት፣ ስቱዲዮ ገብተን ለማስረዳትም ፈቃደኞች ነን። መልሳችሁን የተጋጣሚዎች ዕጣ ከመውጣቱ በፊት፣ እስከ ሰኔ 15 ድረስ፣ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የታዳጊዎች ቴኒስ አሠልጣኝ
የቴኒስ ተጫዋቾችንና ተከታታዮችን በመወከል
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለስፖርት ጋዜጠኞች በሙሉ
ለቴኒስ ስፖርት አመራሮችና አሠልጣኞች